ምዕራፍ 6፦ ክብሪቱ ነው ያስቆመው?

የገበያ ቀን ነው እንበል። ከጉና ሥር ገብስና ድንች የጫኑ አህዮች ወደ ደብረ ታቦር ይገባሉ፤ ሰው ከሰው ይጋፋል። በመሀል አንድ ወጣት ድንገት ይወድቃል። ዓይኑ ይገለበጣል፣ ጥርሱ ይገጥማል፣ እጅና እግሩ ይንቀጠቀጣል። ሰው ይከበዋል። «ክብሪት! ክብሪት አምጡ!» ይላል አንዱ። ክብሪት ይጫርና ጭሱ አፍንጫው ሥር ይያዛል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መንቀጥቀጡ እየረገበ ይሄዳል፤ ልጁ በረዥሙ ይተነፍሳል። ክብሪቱን የያዘው ሰው «ይኸው ለቀቀው» ይላል። ማንም አይከራከረውም፤ ሁሉም በዓይኑ አይቷልና።

ይህን ያላየ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። እኔም በልጅነቴ አይቼ ክብሪት የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው ብዬ ብዙ ዓመት አምኛለሁ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አብዛኛው እንዲህ ያለ መንቀጥቀጥ ክብሪት ኖረም አልኖረም ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይቆማል። ሰው ሮጦ ክብሪት እስኪያገኝና እስኪጭር ድረስ የማቆሚያው ሰዓት ይደርሳል። ምስጋናውን ክብሪቱ ይወስዳል።

ታዲያ በእርግጥ ያስቆመው ምንድን ነው? ከአንጎል በኩል መልስ ስንፈልግ ዋናውን ድርሻ ይዘው ከምናገኛቸው ነገሮች አንዱ በጣም ትንሽ ሞለኪውል ናት፤ ሙሉ ስሟ ጋማ አሚኖ ቢዩቲሪክ አሲድ፣ በአጭሩ ጋባ። ስሟን ለመያዝ የሚቸገር የደጋ ሰው ጋቢን ያስብ። በሐምሌ የደብረ ታቦር ብርድ ላይ ጋቢ የሚሠራውን ሥራ ጋባ በአንጎል ውስጥ ትሠራለች፤ የሚንቀጠቀጠውን ታረጋጋለች።

የአንጎል ነርቮች እርስ በርስ የሚነጋገሩት በኬሚካል ነው። አንዳንዱ ኬሚካል «ተኩስ» ይላል፤ ከእነዚህ ዋናው ግሉታሜት ነው። ሌላው «ተው» ይላል፤ ከእነዚህ ደግሞ ዋናዋ ጋባ ናት። ጋባ ከአንዱ ነርቭ ጫፍ ወጥታ በሚቀጥለው ነርቭ ላይ ባለ ተቀባይ ላይ ስታርፍ፣ ተቀባዩ እንደ በር ይከፈትና ክሎራይድ ወደ ውስጥ ይገባል። ክሎራይድ የገባበት ነርቭ ለመተኮስ ይከብደዋል። የሚጥል በሽታ መነሻው ብዙ ነው፤ መንቀጥቀጡ ሲነሳ የሚሆነው ግን እጅግ ብዙ ነርቮች አንድ ላይ፣ ያለ ከልካይ መተኮሳቸው ነው። ነርቮቹ ሲደክሙና ገቺዎቹ ኬሚካሎች ሲያሸንፉ ሰውየው ይለቀቃል።

አሁን ወደሚገርመኝ ነገር ልምጣ። ጋባ የምትሠራው ከራሱ ከግሉታሜት ነው። አንድ ኢንዛይም ከግሉታሜት ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነቅላል፤ የቀረው ጋባ ነው። የሚያስተኩሰው ኬሚካል በአንዲት እርምጃ የሚያስታግሰውን ይወልዳል። ይህ ኢንዛይም ያለ ቫይታሚን ቢ6 አይሠራም። ጋባ ሥራዋን ስትጨርስ ደግሞ ሌላ ኢንዛይም ያፈርሳታል። ስለዚህ በአንጎል ውስጥ ያለው የጋባ መጠን እንደ እንስራ ውሃ ነው፤ የሚቀዳና የሚፈስ አለው። መድኃኒት መጠኑን መለወጥ ከፈለገ ወይ መቅጃውን ይነካል ወይ ማፍሰሻውን።

ጋባ በአንጎል ውስጥ መኖሯ የታወቀው በ1950 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ዩጂን ሮበርትስና ሳም ፍራንክል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በአይጥ አንጎል ውስጥ በብዛት አገኟት፤ በዚያው ዓመት ሆርሄ አዋፓራም ለብቻው ደርሶባታል። «በብዛት» የሚለው ቃል ግን መጠንቀቅ ይፈልጋል። የላብራቶሪ ነጭ አይጥ ክብደቷ ከ20 እስከ 30 ግራም ነው፤ አንጎሏ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። በዚያ ውስጥ ያለው ጋባ በሙሉ ተሰብስቦ ቢመዘን የአንድ ሚሊግራም አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ሙሉ አንጎሏን ከመንቀጥቀጥ የሚጠብቃት ይህ ነው።

ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። በሀገራችን በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ የፋርማሲ መምህራን፣ በደብረ ታቦርም ያሉት፣ ሕዝቡ ለዘመናት የተጠቀመባቸውን ተክሎች በአይጥ ላይ እየፈተኑ ያሳትማሉ። ለሚጥል በሽታ ይጠቅማል የተባለ ቅጠል እንዴት እንደሚፈተን ጠጋ ብለን እንይ። ቅጠሉ በጥላ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በ80 በመቶ ሜታኖል ውስጥ ለሦስት ቀን ይዘፈዘፋል፣ ይጠለላል፣ ሜታኖሉ እንዲተን ይደረጋል። መጨረሻ ላይ ጠቆር ያለ፣ የሚያጣብቅ ጭማቂ ይቀራል። አይጦቹ በስድስት በስድስት ይከፈላሉ። አንዱ ቡድን ጭማቂው የተበጠበጠበትን ፈሳሽ ብቻ ይሰጠዋል። ሌላው ሶዲየም ቫልፕሮኤት የተባለውን የታወቀ መድኃኒት ያገኛል። የቀሩት ቡድኖች ጭማቂውን በተለያየ መጠን ይወስዳሉ፤ ለምሳሌ በኪሎ ክብደት 100፣ 200፣ 400 ሚሊግራም። ከዚያ ሁሉም ፔንቲሊንቴትራዞል የሚባል ኬሚካል ከቆዳቸው ሥር ይወጋሉ። ይህ ኬሚካል የጋባን ተቀባይ ስለሚዘጋ አይጧ ትንቀጠቀጣለች። ተማሪው ሰዓት መቁጠሪያ ይዞ ለ30 ደቂቃ ዓይኑን ከሣጥኑ ላይ ሳይነቅል ይጠብቃል፤ መቼ ጀመራት፣ ስንት ሰከንድ ቆየ፣ ዳነች ወይስ ሞተች።

በዚህ ሁሉ ድካም ውስጥ ከሁሉ የምትበልጥብኝ ባዶውን ፈሳሽ የጠጣችው ቡድን ናት። መድኃኒት ሳይሰጣት መንቀጥቀጧ በስንት ሰከንድ እንደሚቆም የምትነግረን እሷ ናት። የገበያው ሰው ያጣት እሷን ነበር፤ ክብሪት ያልተጫረለትን ሌላ ልጅ።

የቫልፕሮኤት ታሪክም ከዚህችው ቡድን ጋር የተያያዘ ነው። ቫልፕሮይክ አሲድ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1882 ጀምሮ በኬሚስቶች ዘንድ ይታወቅ የነበረ፣ ሌላ ነገር ለማሟሟት የሚያገለግል ፈሳሽ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በፈረንሳይ ፒየር ኤይማር የተባለ ተመራማሪ አዳዲስ ውሁዶችን በእርሱ አሟሙቶ መንቀጥቀጥ ይከላከሉ እንደሆነ አስፈተነ። ሁሉም ሠሩ። በመጠን የማይመሳሰሉት፣ በአሠራር የማይቀራረቡት ሁሉ ሠሩ። ጥርጣሬው ያኔ ወደ ማሟሚያው ዞረ፤ ብቻውን ሲፈተን ኃይሉ የእርሱ ሆኖ ተገኘ፤ ግኝቱም በ1963 ታተመ። ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው የሚውጠው መድኃኒት ለዓመታት እንደ ውሃ ሲታይ የኖረ ፈሳሽ ነው።

ቫልፕሮኤት በተሰጣቸው አይጦች አንጎል ውስጥ የጋባ መጠን ከፍ እንደሚል ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ታይቷል። ያም ሆኖ የመድኃኒቱ ሥራ ይኸው ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የሶዲየም መተላለፊያዎችንም ይገታል፣ ሌላም ይነካል። በሀገራችን በሚታተሙ ጥናቶች መደምደሚያ ላይ «ጭማቂው የጋባን መጠን ጨምሮ ሊሆን ይችላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ባነበብኩ ቁጥር የምቆመውም እዚህ ላይ ነው። አይጧ መንቀጥቀጥ ማቆሟ ተክሉ አንድ ነገር እንደሠራ ይነግረናል። ጋባ እንደጨመረ ግን አይነግረንም። ይህን ለማለት ጋባን ራሷን መለካት ያስፈልጋል።

መለካቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። አይጧ ከሞተች በኋላ የአንጎሏ ጋባ ባለበት አይቆምም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይጨምራል። መቅጃው ኢንዛይም ያለ ኦክስጅንም ጥቂት ጊዜ ይሠራል፤ ማፍሰሻው ግን ትንፋሽ ሲቋረጥ ይቆማል። እንስራው ሞልቶ የሚፈሰው ባለቤቱ ከሞተ በኋላ ነው እንደማለት ነው። በዚህ የተነሣ አንጎሉን በቅጽበት በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ ወይም ኢንዛይሞቹን ለዚሁ በተሠራ ኃይለኛ ማይክሮዌቭ በሰከንድ ውስጥ መግደል ግድ ይላል። ከዚያ የአንጎሉ ጭማቂ ኬሚካሎችን አንድ በአንድ በሚለይ መሣሪያ ውስጥ ያልፋል። አምስት ደቂቃ የዘገየ ተመራማሪ የሚለካው የመድኃኒቱን ሥራ ሳይሆን የሞትን ሥራ ነው። ይህን ማድረግ ለማንኛውም ላብራቶሪ ውድ ነው፤ መብራት ለሚቆራረጥበት ደግሞ የበለጠ። ሰዓት መቁጠሪያ ይዘው የሚጠብቁትን ወጣቶች ድካም አሳንሼ አይደለም ይህን የምጽፈው። ቅጠሉን በባዶ ፈሳሽ ፊት ያቆሙት እነሱ ናቸው፤ የጎደላቸው መሣሪያው ነው።

የጋባ መጠን ሲለወጥ ምን እንደሚመጣ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየን መድኃኒት ግን ለሚጥል በሽታ የተሠራ አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ ክኒን ነው፤ አይዞኒያዚድ። ከ1952 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ፣ በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች ሁሉ የሚታወቅ፣ ሕይወት ያተረፈ መድኃኒት ነው። ነገር ግን ከቫይታሚን ቢ6 ጋር ይጣላል። አይጥ ከመጠን በላይ አይዞኒያዚድ ሲሰጣት ጋባን የሚሠራው ኢንዛይም ረዳቱን ያጣል፣ የአንጎሏ ጋባ ይወርዳል፣ አይጧ ትንቀጠቀጣለች። ኪላምና ቤይን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1957 ባሳተሙት ሥራ የዚህ ወገን የሆኑ ኬሚካሎች በቢ6 የሚሠሩ ኢንዛይሞችን እንደሚያግዱ አሳይተዋል። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በአሜሪካ የሰው ልጅ ላይም ተመሳሳይ ነገር ደርሶ ነበር፤ በፋብሪካ ሲዘጋጅ ቢ6 የጠፋበት የሕፃናት ወተት የጠጡ ጨቅላዎች መንቀጥቀጥ ጀመራቸው፤ ቫይታሚኑ ሲሰጣቸው ዳኑ።

በሐኪም ቤት አይዞኒያዚድ የሚወስድ ሰው ከክኒኑ ጎን ሌላ ትንሽ ክኒን፣ ቢ6፣ የሚሰጠው በዚህ የተነሣ ነው። በተለመደው መጠን ዋናው ጥቅሙ እጅና እግርን ከመደንዘዝ መጠበቅ ነው። አንድ ሰው በስህተትም ሆነ ሆን ብሎ አይዞኒያዚድ በብዛት ውጦ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ግን ያው ቫይታሚን በደም ሥር ተሰጥቶ ከሞት ያወጣዋል። በዚያ ሰዓት ዲያዜፓም ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ዲያዜፓም ጋባን አይሠራም፤ ያለችው ጋባ የምታሰማውን ድምፅ ያጎላል እንጂ። ድምፁ ራሱ ከጠፋ ማጉያው ምን ያጎላል?

መድኃኒቶቹ በሦስት ወገን የሚቆሙት እዚህ ላይ ነው፤ ልዩነቱን የያዘ አንባቢ የቀረውን ያለ ችግር ይከተላል። እንደ አይዞኒያዚድ ያለው መጠኑን ይቀንሳል። እንደ ቪጋባትሪን ያለው ማፍሰሻውን ደፍኖ መጠኑን ያበዛል፤ በአይጥ አንጎል ውስጥ ጋባን በብዙ እጥፍ ያሳድጋል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ በሰው ላይ የማይመለስ የዓይን እይታ መጥበብ ሊያመጣ ይችላል። ዲያዜፓምና ፌኖባርቢታል ደግሞ መጠኑን ሳይነኩ ተቀባዩ ይበልጥ እንዲሰማ ያደርጉታል። ፌኖባርቢታል የተከፈተው የክሎራይድ በር ቶሎ እንዳይዘጋ ያቆየዋል። ከ1912 ጀምሮ ለሚጥል በሽታ ሲሰጥ የኖረ፣ ርካሽ፣ በገጠር ጤና ጣቢያ የሚገኝ ክኒን ነው። አረቄም ከዚህ ሦስተኛ ወገን ነው። የሰከረ ሰው ምላሱ የሚተሳሰረውና እግሩ የሚወላከፈው በከፊል የጋባ ተቀባዮቹ ከመጠን በላይ ስለሚሰሙ ነው። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው አንጎል ግን ይህን ለምዶ የራሱን መስማት ይቀንሳል፤ አረቄው በአንድ ጀምበር ሲቋረጥ ማስታገሻ ያጣው አንጎል በሁለት ቀን ውስጥ ሊንቀጠቀጥ ይችላል።

የባህል መድኃኒትም ሁሉ ወደ ማስታገስ አያዘነብልም። በደጋው ላይ በየአጥሩ ጥግ የሚበቅለው ጭቁኝ ከአንድ ሰፊ የተክል ወገን ነው፤ በዚህ ወገን ባሉ ተክሎች ዘይት ውስጥ ቱጆን የሚባል ንጥረ ነገር ይገኛል፤ መጠኑ ከዝርያ ዝርያ፣ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ቱጆን የጋባን ተቀባይ ይዘጋል፤ ሥራው ተማሪው አይጧን ለማንቀጥቀጥ ከሚወጋት ኬሚካል ጋር ይመሳሰላል። ለሆድ ቁርጠት ጭቁኝ የሚያሸት ሰው አይደንግጥ። የሚጥል በሽታ ላለበት ልጅ ግን የተጨመቀ፣ የጠነከረ ጭቁኝ ማጠጣት የሚያሰጋ ነገር ነው።

ደብረ ታቦር ስላለችበት ስለ ደቡብ ጎንደር ተጽፎ ጓያ ሊዘለል አይችልም። የፎገራ ሜዳ ጥቁር አፈር ክረምቱ ካለፈ በኋላም እርጥበት ይይዛል፤ ሌላው ሰብል ሲከዳ ጓያ አይከዳም። በችግር ዘመን ለወራት ጓያን ብቻ የበላ ሰው ግን እግሩ ይደርቃል፤ በትር ይይዛል፤ አንዳንዱም ይድሃል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደምቢያና በፎገራ ቤት ለቤት ዞረው ያደረጉትን ጥናት በ1990 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አሳትመው የችግሩን ስፋት አሳይተዋል። ጥፋተኛው ኦዳፕ የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ግሉታሜትን መስሎ በግሉታሜት ተቀባይ ላይ ይቀመጥና ነርቩን «ተኩስ፣ ተኩስ» እያለ ያደክመዋል። ይህ የጋባ ተቃራኒ ወገን ታሪክ ነው። ሕዝቡ ግን ለረዥም ጊዜ በሽታው የሚመጣው ከሚቀቀለው የጓያ እንፋሎት ነው ሲል ኖሯል። ከክብሪቱ ጋር አንድ ዓይነት ስህተት ነው፤ ዓይን ያየውን፣ አፍንጫ ያሸተተውን ነገር ምክንያት ማድረግ።

ጓያ ስለ አይጥም የሚያስተምረን አለው። ኦዳፕ የተወጋች አንድ ቀን የሆናት ጫጩት ትንቀጠቀጣለች፤ ያደገች አይጥ ግን ብዙም አትጎዳም። አንድ ተመራማሪ ኦዳፕን በጎልማሳ አይጥ ብቻ ፈትኖ ቢሆን ኖሮ ጓያ ጉዳት የለውም ብሎ በጻፈ ነበር፤ ያን ወረቀት ሲጽፍ ደግሞ የፎገራ ገበሬ በበትር ይሄዳል። እግሩ በነርቭ ጉዳት ለደረቀ ሰው ጡንቻውን ለማላላት ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ባክሎፌን ነው፤ እርሱም ጋባን አስመስሎ የተሠራ፣ በሌላ ዓይነት የጋባ ተቀባይ ላይ የሚያርፍ ነው። መገታቱን ይመልሳል፤ የሞተውን ነርቭ ግን አያስነሣም።

አሁን ወደ ገበያው ልጅ እንመለስ። ፕሮፌሰር ረዳና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ባደረጉት፣ በዚያው በ1990 በታተመ ሌላ ጥናት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ከሺህ ሰው አምስት ገደማ ሆኖ ተገኝቷል፤ ዘመናዊ መድኃኒት ያገኙት ደግሞ እጅግ ጥቂቶቹ ነበሩ። የዚህ መጽሐፍ አንባቢ በዘመዱ፣ በጎረቤቱ ወይም በክፍል ጓደኛው ይህን በሽታ ሳያገኝ አይቀርም። ስለዚህ የላብራቶሪውን ነገር ላቁምና ስለ ልጁ ልናገር።

ፌኖባርቢታል የጀመረ ሰው «ተሽሎኛል» ብሎ በአንድ ቀን አያቁም። አንጎሉ ለወራት ከመድኃኒቱ ጋር ተላምዷል፤ ድንገት ሲነሣበት ከበፊቱ የባሰ፣ ቶሎ የማይቆም መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል። ጠበል የሚሄድም ይሂድ፣ ክኒኑን ግን ይዞ ይሂድ፤ ሁለቱ አይጣሉም። ቫልፕሮኤት የምትወስድ ሴት ለማርገዝ ካሰበች አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር፤ መድኃኒቱ በጽንሱ ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

ሰው ሲወድቅ ካያችሁ ደግሞ ክብሪቱን ተዉት። ድንጋዩንና ሹል ነገሩን ከአጠገቡ አንሡ፣ ከራሱ ሥር ነጠላ ወይም ጋቢ አጥፋችሁ አድርጉ፣ በአፉ ምንም አትክተቱ፣ መንቀጥቀጡ ሲረግብ በጎኑ አስተኙት። እንደዚያ ተማሪም ሰዓት ያዙ። አምስት ደቂቃ አልፎ ካልቆመ፣ ወይም ሳይነቃ ከደገመው፣ ጊዜ ሳታጠፉ ተሸክማችሁ ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ አድርሱት።